ስለ ፋቡላ፦ ተረት ከሸንጎ ፊት

የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» በአማርኛ ከተጻፉት ቴአትሮች ቀዳሚው ነው እየተባለ ሲመሰገን ይኖራል። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቀዳሚነቱን ብቻ ስናነሣ ደራሲው ያቀረቡትን ክስ ሳንመረምረው እናልፋለን። ተረቶቹ ከፈረንሳዊው ከላፎንቴን የተቀሰሙ ናቸው፤ በአራዊት ስም የተነገረው በደል ግን የአገራችን ሹማምንት በደል ነበረ።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሰምና ወርቅ ይለዋል። ለእኔ ግን ወደ ሙግት የቀረበ ይመስለኛል። በቀድሞው በበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽ በተከሳሹ ፊት ቆሞ፥ ዋስ ጠርቶ፥ ማር ወይም በቅሎ ተወራርዶ፥ ነገሩን በተረትና በግጥም አስጊጦ ይናገር ነበር፤ መንገደኛውም ከብቦ ይሰማ ነበር። እንዲህ ያለው ሸንጎ ራሱ ቴአትር ነው፤ ሆኖም ፍጻሜው ፍርድ ነውና ሰሚው ስቆ ብቻ አይሄድም። በፋቡላ አውሬው ይከሳል፤ ዋሱ ማን ነው? ዳኛውስ?

ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት ያደረገውን እናስብ። የድሀውን በግ ነገር በምሳሌ አቀረበ፤ ንጉሡ ተቈጥቶ እስኪፈርድ ድረስም ተከሳሹን አልገለጠም። ወርቁ የወጣው ፍርዱ ከአንደበት ከወጣ በኋላ ነው። በፋቡላ ሰሙ ስስ ስለ ሆነ ተከሳሾቹ ፍርድ ሳይጠየቁ ራሳቸውን ዐወቁ፤ ሥልጣኑም በእነርሱ እጅ ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትሩ ታገደ። (መታገዱ ለደራሲው ነውር አይደለም፤ ማንንም የማይነካ ጽሑፍ የሚያግድ የለም።)

ይህን ትችት የሚያከብደው ያው ብዕር በኋላ ሕገ መንግሥት ማርቀቁ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ 55 አንቀጾች አሉት። በመድረክ ስለ ተበዳይ የተሟገቱት ሰው በሕጉ ተበዳዩን ከየት አስቀመጡት ብዬ ፈለግሁ። ማንም ያለ ሕግ እንዳይታሰር መደንገጉ መልካም ነው። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ ተወሰነ። በፋቡላ የተከሰሱት መራጮች ሆኑ ማለት ነው! እርግጥ ረቂቁ በደራሲው ፈቃድ ብቻ የጸና አይደለም፤ ቢሆንም አህያውና በጉ ከሸንጎው ደጅ ቀሩ።

በጄኔቭ፥ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ሲሟገቱ ግን ያለ ሰም ተናገሩ፤ በዳይም ተበዳይም በስማቸው ተጠሩ። መስከረም 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦርነት ማንሣቷን መሰከረ። ፍርዱን የሚያስፈጽም ዋስ አልተገኘም እንጂ፥ ሙግቱ በፋቡላ የጎደለውን ሁሉ አሟልቶ ነበር።

ፋቡላን እንደገና ለመድረክ የሚያበቁ ወጣቶች ቢገኙ፥ ከተመልካቹ መካከል ዳኛና ዋስ ይጥሩ፤ አውሬዎቹም ክሳቸውን በእነርሱ ፊት ያሰሙ። የደራሲውን ቃል መለወጥ አያስፈልግም፤ መጋረጃው ከመዘጋቱ በፊት ፍርድ መጠየቅ ይበቃል።