ከፒያኖው በኩል ሲታይ

ጀርመን ውስጥ በከተሞችና በክልል መንግሥታት በጀት የሚተዳደሩት የኦፔራ ቤቶች ከ80 በላይ ናቸው። ሶሎ ዘፋኝ በወር ደመወዝ እንዲህ በብዛት የሚቀጠርበት ሌላ አገር ስለሌለ፣ ድምፁን የተማመነ ወጣት ከየአቅጣጫው ወደዚያ ይጎርፋል። እኔ ልምምድ ላይ ፒያኖ ተጫዋች ነኝ፤ ሥራ ፈላጊዎች ሲፈተኑም አጅባቸዋለሁ። ከብዙዎቹ እንደተረዳሁት፣ ጥሩ ድምፅ ይዘው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት ስላነሱ አይደለም። ቤቱ የጎደለው አንድ የተለየ ሰው አለ፤ እነሱ ያ ሰው መሆናቸውን ሳያሳዩ ወጡ።

የጎደለው የሚታወቅበት ወቅት አለው። በቲያትር ቤቶቹ የሥራ ውል መሠረት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ውሉ የማይታደስለት ዘፋኝ በአብዛኛው እስከ ኦክቶበር 31 ሊነገረው ይገባል። ክፍት ቦታው ከዚያ ወዲያ ይለያል፤ ፈተናውም በብርዱ ወራት ይበዛል። የለቀቀችው ሊሪክ ሶፕራኖ ከሆነች የምትፈለገው ፓሚናንም፣ ሱዛናንም፣ ሚካኤላንም የምትችል ናት። በዚያ ቀን ድራማቲክ ሶፕራኖ የቱንም ያህል ግሩም ብትሆን ቦታ የላትም። ይህን የድምፅ ምድብ ፋኽ ይሉታል። ያጠበበን እሱ ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ እኔ ግን የወጣት ጉሮሮ ከለላ ነው ባይ ነኝ። ገና በ25 ዓመቷ ቱራንዶትን ዝፈኝ የተባለች ልጅ፣ ፋኼ አይደለም ብላ በክብር እምቢ ማለት ትችላለች።

ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ያህል አሪያ ይዞ ይቀርባል። የመጀመሪያውን ራሱ ይመርጣል፣ ቀጣዩን ፈታኞቹ። ስለዚህ ለማሟያ ተብሎ የሚጻፍ አሪያ የለም። የሪሻርድ ሽትራውስን ዘርቢኔታ ማስቀደምም አይመከርም፤ አሪያው ከ10 ደቂቃ በላይ ስለሚወስድ ፈታኞቹ መሀል ላይ አመስግነው ያስቆሟታል፣ የተዘጋጀችበት ከፍታ ጋ ሳትደርስ ትቀራለች። የስትራቪንስኪ የ1951 ኦፔራ ላይ ያለው የአን አሪያ ደግሞ ለፒያኖ እጅግ ከባድ ነው። ቀድሞ ያልተለማመደው ሰው እጅ ላይ ከወደቀ የሚጎዳው ዘፋኙ ነው።

ከእኔ ጋር ቀድሞ የሚለማመድ ማንም የለም ማለት ይቻላል። ኖታውን አስቀምጦልኝ ወደ መድረኩ መሀል እስኪሄድ ያለችን ግማሽ ደቂቃ ብትሆን ነው። አንዳንዱ ጣቱን እያጮኸ ፍጥነቱን ያሳየኛል፤ በዚያች ሰዓት ልቡ እየመታ ስለሆነ ከልኩ ይፈጥናል። ሥራውን የምታውቅ ዘፋኝ ጎንበስ ትልና የመጀመሪያውን ሐረግ በለሆሳስ ትዘምርልኛለች፣ ትንፋሽ የምትወስድበትን ጭምር። የፓሚና አሪያ ላይ ይህ ወሳኝ ነው። ፒያኖው ገና ከመጀመሩ ድምፅ ይገባል፣ ፍጥነቱን የምናስተካክልበት ረጅም መግቢያ የለም። የመጀመሪያዎቹን አኮርዶች ካዘገየሁባት መጨረሻ ያሉት ረዣዥም ሐረጎች ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ፈታኞቹም የእሷ ድክመት አድርገው ይጽፉታል። ኖታውም ቢሆን በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ አይሸፈን፤ መብራት ሲያርፍበት አይነበብም። የተዘለለ ቦታ ካለ በወፍራም እርሳስ ይሰመርበት።

ኮረስ መግባትን እንደ ሽንፈት የሚያዩ ወጣቶች ያሳዝኑኛል። አንድ ቤት ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለን ሶሎ ዘፋኝ በቀላሉ ማሰናበት አይችልም፤ በዚህ ምክንያት ዓመቱ ሲቃረብ ውላቸው ያልታደሰላቸው ጎበዞች አውቃለሁ። ልጆቻቸውን እዚያው ከተማ ትምህርት ቤት አስገብተው፣ ዕድሜያቸው አርባን አልፎ፣ እንደገና ከሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ጋር ለፈተና ይሰለፋሉ። ይህ ትክክል አይመስለኝም። የኮረስ ሰው ግን የሥራ ዋስትናው ይሻላል፤ ቨርዲንና ዋግነርንም ከምሽት ምሽት መድረክ ላይ ሆኖ ይኖራቸዋል። ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሁለቱንም ፈተና ሞክር እላለሁ። የኮረሱ ከአሪያ በተጨማሪ ከኮረስ ሥራዎች የተመረጡ ክፍሎችን ስለሚጠይቅ፣ እነሱን ቀደም ብሎ አስልኮ አጥንቶ ይምጣ።