ስለ አሮጌና ስለ አዲስ ቫኪዩም ቲዩብ የሚሰጠው ፍርድ

አየሩ በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ እየጋለ ድምፅን የሚያጎላውን ቫኪዩም ቲዩብ የሚወዱ ሰዎች፣ «የድሮው ከአዲሱ ይበልጣል» የሚለውን ቃል እንደ ሕግ ተቀብለውታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ፍርድ እንመረምራለን፤ ዓላማችንም አሮጌውን መንቀፍ ሳይሆን ማስረጃው ምን ያህል እንደሚጸና ማየት ነው።

በመጀመሪያ ለአሮጌው የሚገባውን ክብር እንስጥ። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ከመፈልሰፉ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ሬዲዮውም የረጅም ርቀት ስልኩም የጦር ሠራዊቱም መሣሪያ የሚሠራው በቲዩብ ነበር። ስለዚህ የእንግሊዙ ሙላርድ፣ የጀርመኑ ቴሌፉንከንና የአሜሪካው አር ሲ ኤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቲዩብ ሲሠሩ የሠራተኞቻቸው እጅ እየሠለጠነ፣ ምርመራቸውም እየጠበቀ ሄደ። ትራንዚስተር ገበያውን ሲወስድ ፋብሪካዎቹ ሥራውን ተዉት፤ የእጅ ሙያውም አብሮ ተበተነ።

ዳሩ ግን ከዚህ ተነሥቶ እያንዳንዱ አሮጌ ቲዩብ ይበልጣል ማለት አይቻልም። ካቶዱ የተቀባው የባሪየምና የስትሮንሺየም ኦክሳይድ በአገልግሎት ብዛት ይደክማል። ከዚህም በላይ መጥፎዎቹ ከተጣሉ ቆይተዋል፤ እኛ ዘንድ የደረሱት ከብዙዎቹ የተረፉት ናቸው። የተረፈውን አይቶ ትውልዱ ሁሉ ጤነኛ ነበር ማለት ትክክለኛ አስተያየት ነውን?

ስሙም ያሳስታል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የቲዩብን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ድሮም ቢሆን አንዱ ፋብሪካ የሠራውን ሌላው በራሱ ስም ይሸጥ ነበር፤ በቅርብ ዘመንም ሙላርድ የሚለው ስም በሩሲያ በሳራቶቭ ከተማ በተሠሩ ቲዩቦች ላይ ታትሟል።

እንግዲህ በምን እንፍረድ? በአውሮፓ ኢ ሲ ሲ 83 የሚባለውን 12 ኤ ኤክስ 7 እንውሰድ። አኖዱ 250 ቮልት፣ ግሪዱ 2 ቮልት ኔጋቲቭ ሲሰጠው እያንዳንዱ ክፍሉ 1.2 ሚሊ አምፔር ያህል እንዲያሳልፍ፣ የማጉላት ቁጥሩም 100 እንዲሆን በሠሪዎቹ ሠንጠረዥ ተጽፏል። አሮጌውም አዲሱም በዚህ ሚዛን ሊመዘኑ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ጆሮ ይፍረድ፤ ነገር ግን ሁለቱ በእኩል የድምፅ ከፍታ ይሰሙ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የተሰማው የተሻለ ይመስላልና። ሰሚውም የትኛው እንደ ተሰካ አይወቅ። እንዲሁም አንድ አሮጌና አንድ አዲስ አወዳድሮ በሁለት ዘመን ላይ መፍረድ ስለማይገባ ከየወገኑ ብዙ መመርመር አለበት።

ነገሩ ከጆሮ ደስታ ያልፋል። የአሮጌው ክምችት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ዛሬ ቲዩብ በብዛት የሚሠሩት በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ያሉ ጥቂት ፋብሪካዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሩሲያ የሚላከው ለጊዜው ሲታገድ ገዢዎች ምን ያህል እንደ ተጨነቁ ታይቷል። አዲሱ ሳይመረመር ከተናቀ ሠሪው ሥራውን ለማሻሻል ምክንያት ያጣል፤ አሮጌው ያለቀ ዕለትም መሣሪያው ዝም ይላል። ስለዚህ በስም ሳይሆን በምርመራ እንፍረድ፤ አዲሱ የጎደለው ነገር ካለም በቁጥር ይነገረው።