የስሜን ተራሮችና ሰዎቻቸው፤ ስለ ጊዮም ብላን መጽሐፍ የቀረበ ሂስ

በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የሥነ ሕይወት መምህራችን ስለ ጋላፓጎስ ደሴቶች አስተምረውን ነበር። ደሴቶቹ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ፥ ከሌላው ምድር በባሕር የተለዩ፥ ስለዚህም በሌላ ስፍራ የማይገኙ አራዊትና አዕዋፍ የሚኖሩባቸው ናቸው። እኔ ግን የዳባት ልጅ ነኝና ትምህርቱን ስሰማ ያሰብሁት ከደባርቅ ወዲያ ስላለው ስለ ስሜን ተራራ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእርግጥም ስሜን በየብስ መካከል እንዳለ የደሴቶች ሰንሰለት ይቈጠራል። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው የቀለጠ ድንጋይ እየተነባበረ ተራራውን ሠራው፤ ኋላም ወንዞች እየቦረቦሩ ገደሉን አወጡት። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ዙሪያውን የከበበው ባሕር ሳይሆን ቆላ ነው፤ ደጋ የለመደ እንስሳም ያን ቆላ በቀላሉ አይሻገርም። ዋልያ በዱር የሚገኘው በዚሁ ተራራ ብቻ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ስሜንን ተዘዋውረው ካዩ በኋላ ለዋልያና ለጭላዳ በ1835 የሳይንስ ስም ሰጡ። እርሳቸው ለቀይ ቀበሮ ያወጡት የሳይንስ ስምም የስሜንን ስም የያዘ ነው።

ይሁን እንጂ ስሜን የአራዊት አገር ብቻ አይደለም። ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረውበታል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አገሩን ገዝተው ደረስጌ ማርያምን አሠሩ፤ ደጃች ካሣም ውቤን ድል ነሥተው በ1855 በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በግጭ አምባ ላይም ሙስሊም ገበሬዎች ገብስ እየዘሩ፥ በግና ከብት እያረቡ ዋልያው ከሚውልበት ገደል አፋፍ አጠገብ ኖረዋል።

ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተሙት መጽሐፍ የሚከራከሩት ስለ እነዚሁ ገበሬዎች ነው። የመጽሐፉ ርእስ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የአረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ ፈጠራ» እንደ ማለት ነው። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ተመደበ። በ2016 የግጭ ሰዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ደራሲው ይህን ሲያስረዱ የውጭ አገር ባለሙያዎች አፍሪካን ሰው ያልነካት የዔደን ገነት አድርገው ስለሚያስቧት ገበሬውን እንደ አጥፊ ቈጥረውታል ይላሉ።

የመጽሐፉ ብርቱ ክፍል ስሜንን ከፈረንሳይ የሴቬን ተራሮች ጋር ያነጻጸረበት ነው። ዩኔስኮ በ2011 ሴቬንን በቅርስነት የመዘገበው እረኞቹና ገበሬዎቹ ምድሩን ስላበጁት ነው። እንግዲህ በአንዱ ተራራ እረኛ ቅርስ ተብሎ ሲከበር፥ በሌላው ተራራ እንቅፋት ተብሎ የሚነሣው ስለ ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ በቂ መልስ አግኝቷል ብዬ አላምንም።

ነገር ግን በሁለት ነጥቦች ከደራሲው ጋር አልስማማም። አንደኛው ስለ ዋልያ ነው። መጽሐፉ በብዛት የቆመው በመዝገብ ቤት ወረቀት ላይ ስለሆነ የአራዊቱ አደጋ የባለሙያዎች ወሬ ብቻ መስሎ ይታያል። ቍጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። በ1960ዎቹ ከ200 ያነሰ ይገመት የነበረው ዋልያ፥ ግጭ ሰው ሳለባት፥ በ2015 ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። ይህ ለደራሲው ክርክር ምስክር ነው። ሰዎቹ ከተነሡ በኋላ ግን፥ በ2020 በሰሜኑ አገር ጦርነት ተነሥቶ፥ በ2023ም በአማራ ክልል ውጊያ ሲጀመር ጥበቃው ላላ፤ የዋልያውም ቍጥር በ2024 ከ400 በታች ወረደ። ስለዚህ ገበሬውን ማንሣት ብቻውን ዋልያን አላዳነም፤ አደጋውም ባዕዳን የፈጠሩት ተረት አይደለም።

ሁለተኛው ስለ እኛው ስለ ራሳችን ነው። ፓርኩን ያቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው፤ በደርግ ዘመን ሰዎች በኀይል ተነሥተዋል፤ የግጭም መነሣት የተፈጸመው በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ደራሲው መንግሥታችን በፓርኩ አማካይነት ሥልጣኑን እንዳጠናከረ አይክዱም፤ ርእሱ ግን ጥፋቱን ወደ ባዕድ እንዲያዞር ሆኖ ተሰይሟል። የደባርቅ ሰው ይህን ቢያነብ የራሱን ሹማምንት ለመጠየቅ የሚያነሣሣው ነገር ያነሰ ይሆንበታል ብዬ እሰጋለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን የእኛ የተማሪዎቹ እንጂ የደራሲው አይደለም። የባለሙያዎቹ ደብዳቤ ተሰብስቦ ተጠንቷል፤ የግጭ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ግን ያን ያህል አልተጻፈም። ዋልያው በየትኛው ወር ወደ እርሻቸው እንደሚቀርብ፥ የቱን ሣር ለክዳን፥ የቱን ለከብት እንደሚያቈዩ፥ ገብሱ በየትኛው ዓመት በውርጭ እንደተመታ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዛሬ በደባርቅ ከተማ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። ከዳባትና ከደባርቅ የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ ደብተር ይዘን ብንጠይቃቸው፥ የስሜን ታሪክ ቢያንስ በሁለት ወገን ምስክር ሊጻፍ ይችላል።