ከስም በፊት ግብር፦ በኮንቴይነር ዘለላዎች የቃላት ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት አወጣጥ በስሞች ላይ ብቻ ሲያተኩር ግሦቹ ይዘነጋሉ፤ ግሦቹ ሲዘነጉም የሥራው ሥርዐት ይጠፋል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ለሥልጠና መጽሐፍ መነሻ እንዲሆን ተዘጋጅቶ ለአስተያየት የተሰራጨ አንድ የቃላት ረቂቅ ነው። ረቂቁ የኮንቴይነር ዘለላዎች እንዴት እንደሚተከሉ፣ እንዴት እንደሚሰማሩና ከመቋቋም እስከ መሰናበት እንዴት እንደሚተዳደሩ የሚገልጹ ቃላትን ይዟል። ገና ያልታተመ ስለሆነ የአዘጋጆቹን ስም መጥቀስ ተገቢ አይሆንም፤ ሂሱም በሥራው ላይ እንጂ በሠሪዎቹ ላይ አይደለም።

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት ጽንሰ ሐሳቡን ማስቀደም ይገባል። ኮንቴይነር በኮምፒዩተር ሙያ ባዶ ዕቃ አይደለም። የራሱን የፋይል ሥርዓት ይዞ፣ የሚያየው ነገርና የሚጠቀምበት አቅም በሊኑክስ ከርነል ተወስኖለት፣ ከሌሎች ተለይቶ የሚሄድ ፕሮግራም ነው። አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዶከር በሰፊው አስለመደው። ኮንቴይነሮቹ ሲበዙ በብዙ ማሽኖች ላይ የሚደለድላቸው፣ የሚጠብቃቸውና ሲወድቁ የሚተካቸው ሥርዓት አስፈለገ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገውና በ2015 የመጀመሪያ ሙሉ ዕትሙ የወጣው ኩበርኔቲስ ከእነዚህ ሥርዓቶች ዋነኛው ነው።

1. ስለ ስሞቹ

ረቂቁ ኮንቴይነርን «መያዣ» ብሎታል። መያዣ በባንክና በፍርድ ቤት ቋንቋ ለብድር የሚሰጥ ዋስትና ነው፤ በቤት ውስጥ ደግሞ የድስት ጆሮ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ቃሉ ማደሪያውን እንጂ አዳሪውን አያሳይም፤ በዚህ ሙያ ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም። ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሾፌሩም ጫኙም ነጋዴውም «ኮንቴይነር» ሲል የኖረ ሕዝብ ሌላ ቃል አልጠየቀም። ውሰት ቃል አንዴ ዜግነት ካገኘ በኋላ እሱን አባርሮ ሌላ ማምጣት ትርፍ ድካም ነው።

ዘለላን በተመለከተ ረቂቁ በሦስት ስያሜዎች መካከል ይዋልላል፦ «ስብስብ»፣ «ክምችት» እና «ኩታ ገጠም»። ስብስብ በሒሳብ ትምህርት ቦታውን ይዟል። ክምችት የመጋዘን ቃል ነው። ኩታ ገጠም በግብርና ዘርፍ የተዋጣለት ስያሜ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ድንበሩ የገጠመ ማሳን ስለሚያመለክት ጉርብትናን ግድ ይላል። የአንድ ዘለላ ማሽኖች ግን በተለያዩ ሕንፃዎች ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንድ የሚያደርጋቸው ጉርብትና ሳይሆን የጋራ አመራር ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት «ዘለላ» የተሻለ ነው፤ የወይን ዘለላ ፍሬዎቹ ቢቈጠሩም የሚንጠለጠሉት በአንድ ግንድ ነውና። ለእያንዳንዱ ማሽን ረቂቁ የሰጠው «አንጓ» ከዕፀዋት ጥናት የታወቀ በመሆኑ ሊጸድቅ ይገባዋል።

ኮንቴይነሮች ተጣምረው የሚሰማሩበትን ትንሹን ክፍል፣ ማለትም ፖድን፣ ረቂቁ «ዛላ» ይለዋል። ከበርበሬ ዛላ የተወሰደው ይህ ምሳሌ ውብ ነው። ይሁን እንጂ «ዛላ» እና «ዘለላ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ በጆሮ ይምታታሉ፤ በሙያው ደግሞ ሁለቱ ሳይገናኙ የሚውሉበት ቀን የለም። ስያሜ ለብቻው ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር መመዘን አለበት። ስለዚህ ፖድ በውሰትነቱ ይቆይ።

ኩበርኔቲስ «መሪ» ተብሎ መተርጐሙ ግን ስሕተት ነው። ምንጩ የመርከብ መሪ የሚል የግሪክ ቃል መሆኑ እውነት ነው፤ አቻ ቢፈለግለትም ግእዝ «ሐደፈ» ከሚለው ግሥ «ሐዳፊ»ን ያስገኛል። ነገር ግን የተጸውኦ ስም አይተረጐምም፤ ይጻፋል እንጂ።

2. ስለ ግሦቹ

ረቂቁ በአንድ ቦታ እጅግ ተሳክቶለታል፤ ይኸውም «ማሰማራት» በሚለው ነው። ቃሉ ከብትን ለግጦሽ ከማሰማራት ተነሥቶ ወደ ሠራዊትና ወደ ተሽከርካሪ ተሸጋግሯል፤ «ስምሪት» የሚለውን ስምም የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ሆኖም አዘጋጆቹ በሌላ ገጽ ያንኑ ጽንሰ ሐሳብ «ተከላ» ብለውታል። የተተከለ ቦታውን ይይዛል፤ የተሰማራ ግን ይላካል፣ ይመለሳል፣ በሌላም ይተካል። ዘለላው ይተከላል፤ ፕሮግራሞቹ ይሰማራሉ።

ዋናው ጉድለት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ አንጓ ለጥገና ሲፈለግ ሦስት የተለያዩ ተግባሮች አሉ። የመጀመሪያው አዲስ ፖድ እንዳይመደብበት መዝጋት ነው፤ በላዩ ያሉት ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሁለተኛው ከዘጉት በኋላ ያሉትንም በሥርዐት ማስነሣት ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ፖድ ሊጓደል እንደሚችል የተወሰነው ገደብ ይከበራል፣ ለእያንዳንዱም ሥራውን የሚጨርስበት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ሌላ ካልተወሰነ 30 ሰከንድ ነው። ሦስተኛው አንጓውን ከዘለላው መዝገብ መፋቅ ነው፤ ይህ የተባለውን ገደብ አይጠይቅም።

ረቂቁ ለመጀመሪያው «ማግለል»፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ግን አንድ ቃል፣ «ማስወገድ»፣ ሰጥቷል። ትእዛዞቹ በማሽኑ ላይ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ የአማርኛው መምታታት አይጐዳም የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ትክክል አይደለም። ትእዛዙን የሚመርጠው ማብራሪያውን ያነበበው ሰው ነው። በሌሊት ተረኛ የሆነ ባለሙያ «አንጓውን አስወግድ» የሚል መመሪያ ሲያነብ ከሁለቱ የትኛውን ይጻፍ? የመረጠው ሦስተኛውን ከሆነ አገልግሎቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቋረጣል።

በሌላ ገጽ ሁለተኛው ተግባር «ማፍሰስ» ተብሏል፤ የፈሰሰ ግን አይታፈስም። «ማዛወር» የሚለውም አይስማማም፤ ፖዱ አይዛወርምና፤ ይቆማል፣ በሌላ አንጓ ላይም አዲስ ምትክ ይነሣል። ስለሆነም ለመጀመሪያው «መከለል»፣ ለሁለተኛው «ማስለቀቅ»፣ ለሦስተኛው «መሰረዝ» እንዲባል አሳስባለሁ። ቤት የለቀቀ ሰው ይሄዳል፣ ቤቱ ግን ይቆያል፤ ጥገናው ሲያልቅም ክለላው ይነሣል።

እንዲሁም «ማደስ» የሚለው ቃል ያለ አግባብ ሁለት ሸክም ተጭኖበታል። የዘለላው ክፍሎች የሚተዋወቁባቸው የምስክር ወረቀቶች እንደ መንጃ ፈቃድ ጊዜያቸው ሲያልፍ ይታደሳሉ፤ በተለመደው የተከላ መሣሪያ የወጡት አብዛኞቹ ለ1 ዓመት ብቻ ያገለግላሉ። ወደ ቀጣዩ ዕትም መሸጋገር ግን እድሳት አይደለም። በዚህ ሽግግር የቁጥጥር ክፍሉ ይቀድማል፣ አንጓዎቹ ይከተላሉ፤ የቁጥጥር ክፍሉም ንኡስ ዕትም መዝለል አይፈቀድለትም። ለዚህ «ማሻገር» ይበቃል።

3. ስለ ትእዛዝ አንቀጽ

በኩበርኔቲስ አስተዳዳሪው የሚጽፈው የሥራ ቅደም ተከተልን ሳይሆን የሚፈልገውን ሁኔታ ነው። ተቈጣጣሪው ያለውን ከተፈለገው ጋር ዘወትር እያነጻጸረ ልዩነቱን ይሞላል። ረቂቁ ይህን አጻጻፍ «ገላጭ» ይለዋል። ገላጭ ያለውን ያሳያል እንጂ አያስገድድም። የሕግ ቋንቋችን ግን «ድንጋጌ» አለው፤ ድንጋጌ እስኪሻር ድረስ ይጸናል። ስለዚህ «ደንጋጊ አጻጻፍ» ማለት ይሻላል።

ከዚሁ ጋር አማርኛ በእጁ ያለውን ሀብት ረቂቁ አልተጠቀመበትም። ሰዋስዋችን የቅርብን ትእዛዝ ከሩቅ ይለያል፤ «ጨምር»፣ «አጥፋ» ለቅርብ ነው፤ «ይጨመር»፣ «ይሁን» ለሩቅ ነው። «ሦስት ፖዶች ይሁኑ» የሚለው አነጋገር የሥርዓቱን ባሕርይ ያለ ማብራሪያ ያስረዳል። ረቂቁ ግን ምሳሌዎቹን በሙሉ ለቅርብ ስለ ጻፈ ተማሪው ከሦስቱ አንዱን አጥፍቶ ቍጥሩ የተቀነሰ ይመስለዋል፤ ድንጋጌው ግን አልተሻረምና ወዲያው ሌላ ይተካል። የሚለወጠው ፖዱ ሳይሆን ድንጋጌው መሆኑን ሊያስተምረው ይችል የነበረው የአንቀጹ አመራረጥ ነበር።

4. ስለ ዘመን

«የሕይወት ዑደት» የተባለው ከሥነ ሕይወት የተወሰደ ነው። ዑደት ወደ ተነሡበት መመለስን ያሳያል፤ ዘለላ ግን ይቋቋማል፣ ያገለግላል፣ ይሰናበታል። ለጠቅላላው «የአገልግሎት ዘመን» እንበል፤ ዑደትንም በእርግጥ ለሚደጋገመው እናቆየው። አዲስ ዕትም በዓመት 3 ጊዜ ያህል ይወጣል፣ እያንዳንዱም ወደ 14 ወር ገደማ ብቻ ድጋፍ ያገኛል፤ ስለዚህ ሽግግሩ ራሱ ዑደት ነው።

በመጨረሻም የቁጥጥር ክፍሉ ያለበት ማሽን «ጌታ አንጓ» መባሉ የረቂቁን ምንጭ እርጅና ያጋልጣል። ይህ አጠራር በእንግሊዝኛው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እየተተወ ሄዶ፣ በ2022 በወጣው 1.24ኛ ዕትም የአንጓዎቹ ምልክት ላይ ሳይቀር ቀርቷል። ተርጓሚ የሞተ ስያሜ ከባዕድ አገር አምጥቶ በአማርኛ ማስነሣት የለበትም።

ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ግሦቹ ለብቻቸው ተዘርዝረው፣ እያንዳንዱ ከሚቀድመውና ከሚከተለው ተግባር ጋር እንዲፈተን ይህ ጸሐፊ ያሳስባል። ፈተናውም ቀላል ነው፦ መመሪያውን በአማርኛ ብቻ ያነበበ ባለሙያ፣ የትኛውን ትእዛዝ መጻፍ እንዳለበት ሳይጠይቅ ማወቅ መቻል አለበት።