ጸድቶ የመጣን ጊታር እንዴት እንየው?

ጊታር ጸድቶ ሲመለስልን ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ማብረቅረቁ ላይ ነው። እኔ ግን ወደ መስኮት ወስጄ፣ ብርሃን በጎን እንዲያርፍበት ዘንበል አደርገዋለሁ። ፊት ለፊት ሲታይ መስታወት የሚመስለው ገላ፣ በጎን ብርሃን የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ያወጣል። አቧራው ሳይራገፍ በደረቅ ጨርቅ ታሽቷል ማለት ነው፤ በአቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፍቆታል።

ቀጥሎ ከብሪጁ ጥግና ከመቃኛዎቹ ዙሪያ አያለሁ። እዚያ ነጭ የደረቀ ፖሊሽ ካገኘሁ ሠራተኛው ቸኩሏል።

ባለሙያን ከጨርቅ ያዥ የሚለየው ግን ጊታሩ ምን እንደተቀባ ማወቁ ነው። ፖሊዩሬቴን ጠንካራ ነው፤ ብዙ ይችላል። ጊታር አምራቹ ጊብሰን የሚጠቀምበት ኒትሮሴሉሎስ (ኒትሮ) ላከር ግን ስስ ነው፣ በቀላሉ ይቆጣል። በእጅ የሚሠሩ ብዙ ክላሲክ ጊታሮች የሚቀቡት ሼላክም በአልኮል ተሟሙቶ የሚቀባ ሙጫ ስለሆነ፣ አልኮል ያለው ማጽጃ ሲነካው መልሶ ይሟሟል። እንዳያብረቀርቅ ተደርጎ የተሠራ ጊታር ፖሊሽ ሲነካው ደግሞ የታሸው ቦታ ብቻ እያብለጨለጨ ይዥጎረጎራል። ሲሊኮን ያለው የመኪና ፖሊሽ ለጊዜው ያምራል፤ ነገ ስንጥቅ ሲጠገን ግን አዲሱ ላከር አልይዝ ይላል።

ኒትሮ በቀላሉ እንደሚቆጣ በራሴ ጊታር ተምሬዋለሁ። ኒትሮ የተቀባውን ጊታሬን ጎማ በለበሰ ማቆሚያ ላይ ለወራት ትቼው ነበር። ሳነሳው ከአንገቱ ጀርባ ጣት የሚይዝ ጥቁር ማኅተም አገኘሁ። ከጎማው የወጣው ኬሚካል ላከሩን አለስልሶታል፤ የትኛውም ፖሊሽ አላስለቀቀውም። አሁን ማቆሚያውን በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ከተጫወትኩ በኋላም ላቡን ሳይደርቅ እጠርጋለሁ።

ጣት የሚሮጥበትን እንጨትም እዳስሳለሁ። ሮዝውድ ከሆነ ጥቂት ዘይት ጠጥቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ ደረቅ መሆን አለበት። ላከር የተቀባ ሜፕል ከሆነ ዘይት አያስፈልገውም፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

አሮጌ ጊታር ሲሆን መጨረሻ የማየው ጠርዙን ነው። አዲስ ለማስመሰል የተፋቀ ጊታር ቀለሙ ቀድሞ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ባዶ እንጨት ብቅ ይላል። የደህና ሠራተኛ እጅ ያረፈበት ጊታር ላይ ግን ላቡና አቧራው የሉም፤ ዕድሜ ያመጣው ወርቃማ ወዝና እንደ ፀጉር የቀጠኑት ስንጥቆች ግን በቦታቸው አሉ። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ያገኘ ሰው አይልቀቀው።