ስለ «አይዳ» የማስታወቂያ ሥዕልና ስለ ጎንደር ሠዓልያን ሕግ

ፖስተር የሚባለው የግድግዳ ማስታወቂያ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው መንገደኛውን ማቆም ነው፤ ሁለተኛው የቴአትሩን ፍሬ ነገር በአንድ እይታ ማስረዳት ነው። በ1892 ዓ.ም. በሮም ለታየው የፑቺኒ ኦፔራ ለ«ቶስካ» አዶልፎ ሆሄንሽታይን የሠራው ሥዕል ለዚህ ምስክር ነው። ሴቲቱ በገደለችው ሰው ሬሳ አጠገብ መቅረዝ ስታኖር ትታያለች፤ ተመልካቹም ዜማውን ሳይሰማ የነገሩን ክብደት ያውቀዋል።

ወደ ቬርዲ «አይዳ» ስንመለስ ግን ነገሩ ይለያል። ይህ ኦፔራ መጀመሪያ የታየው በ1864 ዓ.ም. በካይሮ ሲሆን፣ የታሪኩን መነሻ የጻፈው የግብፅን ጥንታዊ ቅርስ የሚመረምረው ፈረንሳዊ ኦጉስት ማርየት ነበር። ከዚያ ወዲህ በማስታወቂያዎቹ ላይ የግብፅ ሐውልትና ፒራሚድ ይበዛል። ባለታሪኳ ግን በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ጭንቀቷም በአባቷና የጠላትን ጦር በሚመራው በምትወደው በራዳሜስ መካከል መቆሟ ነው። ፒራሚዱ ቦታውን ይነግረናል እንጂ የኀዘኑን ምክንያት አይነግረንም።

ታዲያ ይህን ሥራ ለጎንደር ሠዓሊ ብንሰጠው ምን ይሥላል? የፋሲልን ግንብ የሚል አይጠፋም። እኛ በዚህ አንስማማም። ፋሲል ጎንደርን የቈረቈሩት በ1628 ዓ.ም. ነው፤ ኦፔራው የሚተርከው ግን የፈርዖኖችን ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ከግብፅ በስተደቡብ የነበረውም መንግሥት የኩሽ ነው። ስለዚህ ግንቡን ማስገባት አንዱን ጌጥ በሌላ ጌጥ መተካት ይሆናል።

ከጎንደር መወሰድ ያለበት ሕንፃው ሳይሆን የአሣሣሉ ሕግ ነው። የጥንቶቹ ሠዓልያን ቀለሙን አድምቀው፣ መስመሩን አጥርተው፣ የሰውየውን ስም ከራሱ አጠገብ ይጽፋሉ። ደጉን ሰው ከነሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉውን በጐን ባንድ ዐይኑ ይሥሉታል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶችም ከታች የቆመውን ሰው ቀጥ ብለው ያዩታል። ፊደል ላልቈጠረ ምእመን የሚናገር ሥዕል ለችኩል መንገደኛም ይናገራል።

እዚህ ላይ ሠዓሊው ሊጠነቀቅ ይገባዋል። የጥንት ግብፃውያን በግድግዳቸው ላይ ደጉንም ክፉውንም በጐን ይሥሉ ነበር። ያንን ልማድ እንዳለ ቢገለብጥ፣ በጎንደር ሕግ ያደገ ተመልካች ራዳሜስን ክፉ ሰው ያደርገዋል። ራዳሜስ ጠላት ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ የኦፔራውም ኀዘን ያለው እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ አይዳም ራዳሜስም ፊት ለፊት ይሣሉ። በጐን መሣል የሚገባቸው ከነሕይወቱ እንዲቀበር የፈረዱበት ካህናት ናቸው።

የሥዕል መምህራንና ተማሪዎች ይህን እንዲያስቡበት አደራ እንላለን። የአባቶችን ቅርስ መገልበጥ ቀላል ነው፤ በሕጉ አዲስ ነገር መናገር ግን ወራሽነት ነው።