የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት

ልጁ ጓደኞቹ ልብስ ሊቀይሩ እስኪገቡ ጠበቀና ከቦርሳው ውስጥ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ትልቅ ዕቃ አወጣ። ማስ ጌይነር የሚሉት የክብደት መጨመሪያ ዱቄት ነው፤ ላዩ ላይ ክንዱ እንደ ግንድ የወፈረ ሰውዬ ፎቶ አለበት። «ኮች፣ በቀን ስንት ማንኪያ ልውሰድ?» አለኝ። ብረት ማንሳት ከጀመረ 9ኛ ቀኑ ነበር። ዕቃውን ተቀብዬ እያገላበጥኩ «ዛሬ ምን በላህ?» አልኩት። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀን ከባጃጁ ሳይወርድ ሁለት ሳምቡሳ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ምንም። ዱቄቱን የገዛው ባጃጅ እየነዳ በሦስት ወር ባጠራቀመው ብር ነው።

እዚህ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ውስጥ ጀማሪ ሳሠለጥን ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ወር የለም። መልሴ ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ድሮ «ጉበትህን ይጨርሰዋል» እያልኩ አስፈራራ ነበር። ማስፈራራቴ ልክ አልነበረም። ንጹሕ የሆነ «ዌይ» የሚሉት ፕሮቲን ለጤነኛ ሰው መርዝ አይደለም፤ አይብ ሲሠራ የሚቀረው አጓት ደርቆ ነው። አይብ በሚወጣበት ቤት ያደገ ሰው አጓትን ያውቀዋል። ልጆቹም ማስፈራሪያዬን ሰምተው፣ ዱቄቱን የወሰደ ጓደኛቸው ምንም ሳይሆን ሲያዩ፣ ሌላውን ምክሬን ሁሉ አብረው ይጥሉት ነበር።

ዛሬ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ያለ ዱቄት እንዲሠሩ የምለምናቸው በሌላ ምክንያት ነው። ጀማሪ ምን ቢበላ፣ ምን ቢያነሳ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሞሪታኒና ዴቭሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ጉልበት በአብዛኛው የጡንቻ መወፈር ሳይሆን የነርቭ ሥራ ነው። አንጎል የትኛውን ጡንቻ መቼ መጥራት እንዳለበት ይማራል። ባዶውን 20 ኪሎ ብረት ይዞ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ልጅ በአራተኛው ሳምንት 35 ኪሎ ይዞ ቁጢጥ ብሎ ይነሳል፤ ጭኑን በሜትር ብትለካው ግን ያው ነው። እንግዲህ በዚያው ወር ዱቄት ከጀመረ፣ ብረቱ ለሠራው ሥራ የሚመሰገነው ዱቄቱ ነው። ልጁ ያመነው ጣሳውን እንጂ ክንዱን አይደለም። ብር ሲያጥረውና ጣሳው ባዶ ሲሆን «አሁንማ ምን ዋጋ አለው» ብሎ ጂሙንም ይተዋል። ጉበት ሲጎዳ አይቼ አላውቅም፤ በዚህ ሁኔታ የቀሩ ልጆችን ግን ስማቸውን እየጠራሁ ልቆጥር እችላለሁ።

ለባጃጅ ነጂው የመለስኩለት በቁጥር ነው። ማስ ጌይነር አብዛኛው ማልቶዴክስትሪን ነው፤ ከእህል ስታርች የሚወጣ፣ በፍጥነት ወደ ስኳር የሚለወጥ ነገር። በወተት የተበጠበጠ በሶ ከዚያ አያንስም። ስለ ፕሮቲን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 49 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ብረት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ እንደሚበቃ፣ ከዚያ በላይ ቢጨመር ለጡንቻ የሚሰጠው ጥቅም እንደማይታይ አሳይቷል። ልጁ 60 ኪሎ ነው፤ 96 ግራም ማለት ነው። ደብተሩን ዘረጋንና አብረን ደመርን። በቀን ለሚበላው እንጀራ 250 ግራም ያህል የጤፍ ዱቄት ቢገባ፣ 30 ግራም። ምሳና ራት ላይ 100 ግራም የሽሮ ዱቄት፣ 20። ሦስት እንቁላል፣ 18። ግማሽ ሊትር ወተት፣ 16። ባጃጁ ውስጥ እየቆረጠመ የሚውለው 50 ግራም የሽምብራ ቆሎ፣ 10። ድምሩ 94። ልጁ ቁጥሩን ሲያይ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ እንደገና ደመረው።

ይህ ሁሉ ገበያው ውስጥ አለ። የጎደለው ዱቄት ሳይሆን ደህና ቁርስ ነው። እንጀራና ሽሮ አብረው ሲበሉ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ እህል የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሰጠዋል። እናቶቻችን ላይሲን የሚባል ስም ሳይሰሙ ገበታውን እንዲህ አድርገው ሠርተውታል፤ ይህን ለአንድ ጀማሪ በነገርኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ጥያቄው የሚከብደው በጾም ነው፤ እዚህ ላይ ቀላል መልስ የሚሰጥ አሠልጣኝ ልጆቹን አያውቃቸውም ማለት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። እንቁላሉና ወተቱ ሲወጡ ከላይ ከደመርነው 34 ግራም ይጎድላል። ብዙ ልጆች ይህን ክፍተት በዱቄት ልሙላ ይላሉ፤ አጓት የወተት መሆኑን ግን አያውቁም። ስነግራቸው የሚደነግጡ አሉ፤ ሁለት ጾም ሙሉ እየወሰደው የቆየ አንድ ልጅ ዓይኑ እንባ ሲያቀር አይቻለሁ። እኔ የምለው፣ 100 ግራም ምስርና 40 ግራም ኦቾሎኒ ያንኑ 34 ግራም ይመልሱታል። ሕልበት ያለበት ቤት ደግሞ ባቄላውና አብሹ ተመትቶ አረፋ ሲደፍቅ የቀረበው ገበታ በራሱ ብዙ ይሸፍናል። ከምግቡ ይልቅ ችግር የሚሆነው ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ጾሞ የሚውለውን ልጅ በ8 ሰዓት ከባድ ብረት አላስነሳውም፤ በልቶ ወደ 11 ሰዓት ይምጣ።

አንድ ጊዜ ግን ዱቄቱን አልከለከልኩም። ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ሥራችን ቆመ። ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት በኋላ፣ መብራት ተመልሶ፣ ባንክ ተከፍቶ፣ አውሮፕላን መግባት ሲጀምር እኛም በሩን ከፈትን። የመጡት ልጆች የማውቃቸው ልጆች ነበሩ፤ ግን ቀበቷቸው ላይ በሚስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ። አንዱ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ቁጥሩን ሲያይ ወርዶ እንደገና ወጣ። ሁሉም ሰውነታቸውን ባንድ ወር መመለስ ፈለጉ። ለሳምንታት ከባድ ነገር አላስነሳኋቸውም፤ መለጠጥ፣ መራመድ፣ በራስ ክብደት መሥራት፣ መብላት። ያኔ ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት በመንገደኛ የላከውን ዱቄት ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። እንቁላል የመግዣ አቅም ለሌለው ሰው እሱ ምግብ ነው። «ውሰደው፣ ከበሶ ጋር ምታው» አልኩት። ዛሬም እንዲሁ እላለሁ።

ከልምምድ በፊት የሚጠጣውን «ፕሪ ወርክአውት» የሚሉትን በተመለከተ ረጅም ነገር የለኝም። ዋናው ካፌይን ነው፤ ቡና ባለበት አገር ለካፌይን ያን ያህል ብር መክፈል አያስፈልግም። ፊትን የሚያሳክከውና የሚወረው ውስጡ ያለው ቤታ አላኒን ነው፤ ልጆቹ ጉልበት እየጨመሩ ያሉ ይመስላቸዋል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነው፦ ዕቃው ላይ ያልተጻፈው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ እነዚህ ምርቶች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እንደ መድኃኒት አይፈተሹም። በኮሎኝ ያሉ ተመራማሪዎች ከ13 አገሮች የተገዙ፣ ሆርሞን የለባቸውም የተባሉ 634 ምርቶችን ሲመረምሩ 94ቱ ውስጥ መለያው ላይ ያልተጠቀሰ የሆርሞን ዘር አግኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የታተመው። ይህ እዚህ ይበልጥ ያሰጋል፤ መቐለ የብስክሌት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የወጣው ከዚህ ነው። ጠዋት ፔዳል ረግጠው ማታ እግር ለማጠንከር ወደ እኔ የሚመጡ ታዳጊዎች አሉ። በአበረታች ቅመም ሕግ ደግሞ «አላወቅኩም» ማለት ብቻውን አያድንም፤ ሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂው ስፖርተኛው ራሱ ነው። በአንድ ማንኪያ ምክንያት የልጅ ሙያ ገና ሳይጀመር ሊያበቃ ይችላል። ለእነዚህ «አራት ወር ጠብቅ» አልልም፤ «አትንካ» ነው የምለው።

ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልጨምር። ሻጮች ለአሠልጣኝ ድርሻ ይሰጣሉ፤ እኔም አንድ ሰሞን ተቀብያለሁ። ሁለት ዕቃ አሻሽጬ፣ በሦስተኛው ላይ ልጁ «ኮች፣ አንተ ካልክ» ብሎ ብሩን ሳይቆጥር ሲሰጠኝ እጄ ከበደኝ። እሱ የገዛው ዱቄት ሳይሆን ቃሌን ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተቀበልኩም፤ ልጁ «አሠልጣኜ» የሚለው ሰው ከሚጠጣው ነገር ላይ ሳንቲም ባይቆርጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ባጃጅ ነጂው ዕቃውን ሳይከፍተው ቤቱ አስቀመጠው። ደብተሩን በየሳምንቱ ያሳየኛል፤ በአንድ በኩል የበላው፣ በሌላው በኩል ያነሳው። አንዳንድ ቀን «2 እንቁላል፣ 1 ተሰበረ» ይላል። ባለፈው ሐሙስ አራተኛ ወሩን ሞላ። ቁጢጥ ብሎ የሚያነሳው 62.5 ኪሎ፣ ክብደቱ 64። ብረቱን መስቀያው ላይ መልሶ ላቡን እየጠረገ መጣና ክሬቲን ስለሚሉት ሌላ ዱቄት ጠየቀኝ፦ ሥጋ ውስጥ አለ ሲሉ ሰምቷል፣ በጾም ወራት ሰውነቱ ውስጥ ያለው ዝቅ ይል እንደሆነ፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚሉት ለምን እንደሆነ፣ መጀመሪያ ላይ የሚጨምረው ኪሎ ጡንቻ ነው ወይስ ውኃ። ውኃ ነው አልኩት። ወንበር ስቤ «ቁጭ በል» አልኩትና ሌላውን ማውራት ጀመርን።